የእጅ ፓምፕን ለጥልቅ ጉድጓድ ማስማማት፦ ከልኬት እስከ መጀመሪያው ጀሪካን

ትንሹ የብረት የእጅ ፓምፕ ውሃው ቅርብ በሆነበት ቦታ ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል። እንደ ፎገራ ባለ ሜዳ፣ ጥቂት ሜትር ተቆፍሮ ውሃ በሚገኝበት አገር፣ ገዝቶ መግጠም ብቻ ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው 15 ወይም 20 ሜትር በተቆፈረ የግቢ ጉድጓድ ላይ ሲቀመጥ ነው። እጀታው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ውሃ ግን የለም። ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የፒስተኑን (ፓምፑ ውስጥ የሚወጣና የሚወርደውን ክፍል) ጎማ ነው። ጎማው ይቀየራል። ቱቦው እንደገና ይታሰራል። ከላይ ውሃ ይሞላበታል። ለውጥ የለም። በመጨረሻ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ተብሎ ጥግ ይጣልና ቤተሰቡ ወደ ባልዲና ገመዱ ይመለሳል።

ብዙውን ጊዜ ግን ዕቃው ምንም አልሆነም። የተጠየቀው ሊሠራው የማይችለውን ሥራ ነው። መፍትሔው የበለጠ ጉልበት ያለው ፓምፕ መግዛት አይደለም። ፒስተኑን ከላይ አውርዶ ውሃው ውስጥ ማስገባት፣ ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ደግሞ ፒስተኑን ማጥበብ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህን እንዴት እንደምትሠሩት ነው።

ለምን አይስብም?

ከላይ የተቀመጠ ፓምፕ የሚያደርገው ነገር ከቱቦው ውስጥ አየሩን ማውጣት ነው። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ጉድጓዱ ውስጥ ባለው ውሃ ላይ የተጫነው የውጭ አየር ነው። ያ አየር ደግሞ አቅሙ ውስን ነው። በባሕር ወለል ላይ፣ ሁሉም ነገር እንከን የለሽ ቢሆን እንኳ፣ ውሃን ከ10.3 ሜትር በላይ ሊገፋ አይችልም።

እኛ ደግሞ ደገኞች ነን። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ጣሪያው 8.3 ሜትር አካባቢ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ወደ 7.7 ይወርዳል። ደብረ ብርሃን ላይ፣ 2,800 ሜትር አካባቢ፣ 7.3 ብቻ ይቀራል። ይህ በወረቀት ነው። ጎማው ትንሽ ያሾልካል፣ ቱቦው ያግዳል፣ ቫልቩ ለመከፈት ጉልበት ይፈልጋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቁጥር ላይ ሁለት ሜትር ያህል ቀንሱ። አዲስ አበባ ላይ አምስት ሜትር ተኩል ከሳበላችሁ ፓምፑ ሥራውን በደንብ ሠርቷል። ከፓምፑ ጋር የሚመጣው ወረቀት «7 ሜትር» ወይም «8 ሜትር» ቢል፣ የባሕር ጠረፍ ቁጥር መሆኑን አስታውሱ።

ፒስተኑ ውሃው ውስጥ ሲሆን ግን ሥራው ይለወጣል። መሳብ ቀርቶ ማንሳት ይሆናል። ከታች አንድ ቫልቭ አለ፤ ውሃ ያስገባል፣ ወደ ኋላ አይመልስም። ፒስተኑ ላይ ሌላ ቫልቭ አለ። ፒስተኑ ሲወርድ ውሃው በውስጡ ያልፋል፤ ሲወጣ ቫልቩ ይዘጋና በላዩ ያለውን ውሃ በሙሉ ተሸክሞ ይነሳል። እዚህ ላይ የአየር ግፊት ጣሪያ የለም። ወሳኙ የሰው ክንድና የብረቱ ጥንካሬ ነው።

አንድ ተጨማሪ ጥቅምም አለው። ከላይ የተቀመጠው ፓምፕ በደረቀ ቁጥር ውሃ ካልጨመሩበት አይነሳም፤ ያ የሚጨመረው ውሃ ብዙ ጊዜ ከቆሸሸ ጣሳ ነው የሚመጣው። ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ሲሊንደር፣ ማለትም ፒስተኑ የሚንቀሳቀስበት ቱቦ፣ ይህን አይጠይቅም።

ልኬት

ሲባጎ ጫፉ ላይ ከባድ ዳዶ እሰሩ፤ በየሜትሩ ቋጥሩት። ቀስ እያላችሁ አውርዱ። ዳዶው ውሃውን ሲነካ ድምፁ ይሰማል፤ እዚያ ላይ ምልክት አድርጉ። ቀጥሉና ሲባጎው ሲላላ መሬት ነክቷል ማለት ነው። ሁለተኛውን ምልክት አድርጉ።

የሚጠቅመው ልኬት የግንቦት ልኬት ነው። መስከረም ላይ ጉድጓድ ሁሉ ሀብታም ነው። በክረምት ማግስት ለክቶ ሲሊንደር የሰቀለ ሰው ሚያዝያ ላይ ደረቅ ፓምፕ ሲገፋ ይውላል። ግንቦትን መጠበቅ ካልቻላችሁ ጉድጓዱን የቆፈረውን ሰው ወይም የቆየ ጎረቤት ጠይቁ፤ በበጋ ውሃው የት እንደሚደርስ ያውቃሉ።

ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል በባልዲ እየቀዳችሁ እንደገና ለኩ። ውሃው ስንት ወረደ? አንዳንድ ጉድጓድ ሲቀዳ አይነቃነቅም፣ አንዳንዱ ደግሞ ቶሎ ይዳከማል። ይህን ሳያውቁ ሲሊንደር የሚቀመጥበትን ቦታ መወሰን አይቻልም።

ለምሳሌ አንድ ጉድጓድ እንውሰድ። ጥልቀቱ 22 ሜትር ነው። ግንቦት ላይ ውሃው 18 ሜትር ላይ ነው፤ ለአንድ ሰዓት ሲቀዳ 19 ይደርሳል። የሲሊንደሩን ታች 21 ሜትር ላይ እናደርገዋለን። ከሥሩ አንድ ሜትር ይቀራል፤ ለደለልና ለአሸዋ ቦታ ማለት ነው። ሲሊንደሩ በበጋም ውሃ ውስጥ ይሆናል። በዚህ ጉድጓድ እንቀጥላለን።

የሲሊንደሩ ስፋት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ጊዜ እንስጠው።

የገዛችሁት ትንሽ ፓምፕ ፒስተን ሰፊ ነው፤ 75 ሚሊሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ። ለአምስት ሜትር ይህ ጥሩ ነው፤ በአንድ ግፊት ብዙ ውሃ ይሰጣል። ለሃያ ሜትር ግን መከራ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። የፒስተኑን ክብ ፊት ስፋት በካሬ ሴንቲሜትር፣ ከውሃው ወለል እስከ ፓምፑ አፍንጫ ባለው ከፍታ በሜትር አባዙና ለ10 አካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር ፒስተኑ የሚሸከመው ውሃ ክብደት በኪሎ ነው።

ከፍታውን ከነአፍንጫው 20 ሜትር እንበል። 75 ሚሊሜትር ፒስተን 44 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ 88 ኪሎ ይሆናል። 63 ሚሊሜትር ከሆነ 62 ኪሎ። 50 ሚሊሜትር ከሆነ 39 ኪሎ። 40 ሚሊሜትር ከሆነ 25 ኪሎ ብቻ። ቱቦው ቢሰፋም ቢጠብም ይህ ቁጥር አይለወጥም። የሚወስነው ፒስተኑ ነው።

በዚህ ላይ ፒስተኑን ከእጀታው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ጨምሩ። 10 ሚሊሜትር የብረት ዘንግ በሜትር 0.6 ኪሎ ይመዝናል፤ ለ20 ሜትር 12 ኪሎ ነው። ስለዚህ በ50 ሚሊሜትር ሲሊንደር ጠቅላላው 51 ኪሎ ይሆናል።

አሁን እጀታውን ለኩ። ከፔርኖው (እጀታው ከሚዞርበት ብሎን) እስከ እጅ መያዣው 60 ሴንቲሜትር፣ ከፔርኖው እስከ ዘንጉ 12 ሴንቲሜትር ከሆነ አምስት ለአንድ ነው። 51 ለ5 ሲካፈል 10 ኪሎ። ሰበቃው ሲጨመር 12 ወይም 13 ኪሎ። ይህን አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅም ይገፋዋል። በ75ቱ ፒስተን ግን ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ ልጅ እጀታው ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚያወርደው። ከቤቱ ውሃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ አስቡና ወስኑ።

«እጀታውን ባስረዝመውስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይቻላል፣ ግን እጁ የሚሄደው ርቀትም አብሮ ይረዝማል። አንድ ሜትር የሚጓዝ እጀታ ወገብ ይጨርሳል። ሲሊንደሩን ማጥበብ ይሻላል።

የጠበበ ሲሊንደር ውሃው ያንሳል፣ እውነት ነው። በ50 ሚሊሜትር ሲሊንደር፣ ፒስተኑ 15 ሴንቲሜትር ቢጓዝ በአንድ ግፊት 0.3 ሊትር አይሞላም። በደቂቃ 40 ጊዜ ቢገፉት፣ የሚያሾልከው ሲቀነስ ወደ 10 ሊትር ነው። 20 ሊትሩ ጀሪካን ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ለአንድ ቤተሰብ በቂ ነው።

እኔ የምመርጠው እስከ 25 ሜትር 50 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ለግቢ ጉድጓድ ወደ 40 መውረድ ያዋጣል።

ምን ይገዛል?

ሲሊንደሩን ከባዶ ከመሥራት የአፍሪዴቭ ሲሊንደር መግዛት ይሻላል። አፍሪዴቭ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በማላዊና በኬንያ የተሠራ፣ ንድፉ ለማንም ክፍት የሆነ ፓምፕ ነው። እስከ 45 ሜትር ድረስ ያገለግላል። በአገራችን ገጠር ኢንዲያ ማርክ 2 ከሚባለው ሌላ የእጅ ፓምፕ ጋር በብዛት የተተከለው እሱ ስለሆነ መለዋወጫው አለ። ውስጡ የነሐስ ግድግዳ ያለው፣ 50 ሚሊሜትር ነው፤ ፒስተኑ፣ የታችኛው ቫልቭና ጎማዎቹ አብረው ይገኛሉ።

ቱቦው 63 ሚሊሜትር ወፍራም ፒቪሲ ይሁን። ለፍሳሽ የሚሸጠውን ስስ ቱቦ አትውሰዱ፤ ግፊት የሚችለውን ጠይቁ። ለምን ሰፊ ቱቦ? ፒስተኑ በቱቦው ውስጥ አልፎ እንዲወጣ ነው። ይህ ነጥብ ከሁሉ ይበልጥብኛል። በተለመደው ኢንዲያ ማርክ 2 ቱቦው ከሲሊንደሩ ይጠባል። አንድ ጎማ ለመቀየር ቱቦውን፣ ዘንጉን፣ ሲሊንደሩን ሁሉ ከጉድጓድ ማውጣት ግድ ነው። ለዚያ ብዙ ሰውና ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጎማው ያልቃል፣ ፓምፑ ይቆማል፣ ወራት ያልፋሉ። ቱቦው ከፒስተኑ ከሰፋ ግን ሁለት ሰው ዘንጉን ብቻ ስቦ በግማሽ ቀን ጎማውን ቀይሮ ይመልሰዋል።

የጋልቫናይዝድ ቱቦስ? ውሃው አሲድነት ካለው ዚንኩ ቶሎ ይበላል። ከዚያ ጠዋት ጠዋት የዛገ ውሃ ይመጣል፤ ሻይ ያጠቁራል፣ ነጭ ልብስ ያበላሻል። ፒቪሲ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው።

ዘንጉ ለስላሳ 10 ሚሊሜትር ብረት ይሁን፤ አቅም ከፈቀደ የማይዝግ ብረት። ፌሮ ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል። ግን ጎርባጣው ገላው ፒቪሲውን ከውስጥ እንደ ሞረድ ይበላዋል፣ ይዝጋል፣ ጥርስ ሲወጣለትም ይደክማል። ፌሮ ለሶሌታው፣ ለጉድጓዱ የኮንክሪት ክዳን፣ ይቆይ። ገመድ በዘንግ ቦታ መጠቀምም አይሆንም፤ ይለጠጣል፣ ፒስተኑንም ወደ ታች የሚገፋ ክብደት የለውም። ዘንግ ወደ ታች የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው።

ሌሎቹ ቀላል ናቸው፦ የፒቪሲ ኮላ፣ ማኒኮቶዎች (የቱቦ ማገናኛዎች)፣ ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ፣ ብሎንና ዳዶ፣ ከመኪና ከመነዳሪ የሚቆረጥ ወፍራም ጎማ፣ የማይበሰብስ የናይለን ገመድ።

የፓምፑን ራስ ማዘጋጀት

ትንሹን ፓምፕ ፍቱ። ፒስተኑን ከነቆዳው አውጡ። ከታች ያለውን ክዳን መሰል ቫልቭም አንሱ። አሁን የፓምፑ አካል ባዶ ቤት ሆነ፤ ሥራው ውሃውን ወደ አፍንጫው ማሳለፍና እጀታውን መሸከም ብቻ ነው። ዘንጉ በታችኛው ቀዳዳ ያልፋል፤ ውሃውም በዙሪያው ይወጣል።

ከዚያ ፔርኖውን ተመልከቱ። ለትንሽ ሸክም የተሠራ ቀጭን ብሎን ነው። ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ ቀዳዳውን አስፍታችሁ የነሐስ ቡሽ አስገቡበት፣ ፔርኖውንም በወፍራም ቀይሩት። ይህን ካልሠራችሁ ቀዳዳው ሞላላ ይሆናል፤ እጀታው መወላወል ይጀምራል፤ ዘንጉም ወደ ጎን ይጎተታል።

እጀታው ሲንቀሳቀስ ጫፉ ቅስት ይሠራል፣ ዘንጉ ግን ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት። ስለዚህ በመካከላቸው ከሁለት ላሜራ የተሠራ፣ ከላይም ከታችም በፔርኖ የሚታጠፍ አጭር ማያያዣ ይግባ። አሥር ሴንቲሜትር ርዝመት ይበቃል።

የእነዚህ ፓምፖች አካል ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ነው። ሸክም ሲበዛበት አይጣመምም፤ ድንገት ይሰነጠቃል፣ ለብየዳም አይመችም። ስለዚህ ከ20 ሜትር በላይ ለሆነ ከፍታ የድሮውን ራስ አትመኑት። በያጅ ዘንድ ሂዱና ከወፍራም የብረት ቱቦ አዲስ ራስ አሠሩ፤ ከላይ ኩሽኔታ ያለው፣ ከጎኑ አፍንጫ የተበየደለት። እጀታውን ከድፍን ብረት ማድረግ ጥሩ ነው፤ ክብደቱ የዘንጉን ሸክም በከፊል ያቀልላል። ግን አታብዙት። እጀታው ከከበደ ዘንጉ በራሱ ክብደት መውረድ ያቅተዋል።

ከመውረዱ በፊት በርሜል ውስጥ

አዲስ ዕቃ ስለሆነ ብቻ አትመኑት። ሲሊንደሩን አቁሙና ውሃ ሙሉበት፤ አንድ ሰዓት ተዉት። ውሃው ከወረደ የታችኛው ቫልቭ ያሾልካል። አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት አንድ ፍሬ አሸዋ ወይም የፕላስቲክ ፍቅፋቂ ነው። አጽዱና እንደገና ሞክሩ።

ቀጥሎ አጭር ዘንግ አስገብታችሁ በርሜል ውስጥ ግፉት። ፒስተኑ ሲወጣ ውሃ ማንሳት አለበት፤ ሲወርድ ደግሞ በራሱ ክብደትና በትንሽ ግፊት መውረድ አለበት። የቆዳ ጎማ ከሆነ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይደር። ደረቅ ቆዳ ሲገባ ጠባብ ይመስላል፣ ከንፈሩ ይታጠፋል፣ ከዚያ ይቀደዳል። የተነከረው ግን ለስልሶ ግድግዳውን ይይዛል። በጣት ሲነኩት ከንፈሩ ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት።

ሶሌታውና ማንጠልጠያው

የጉድጓዱን አፍ በኮንክሪት ሶሌታ ዝጉት። ውፍረቱ 10 ሴንቲሜትር፣ ፌሮው በየ15 ሴንቲሜትሩ ወዲህና ወዲያ፤ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር አንድ ለሁለት ለሦስት። ሳምንት ሙሉ ውሃ አጠጡት። በመካከሉ 15 ሴንቲሜትር ቀዳዳ ተዉ፤ ዙሪያውን አራት ብሎኖች ወደ ላይ ቆመው አብረው ይቀበሩ። በዳር በኩል ሰፊ በር ካበጃችሁ ከፍ ያለ አንገትና ቁልፍ ያለው ክዳን ይኑረው።

ከሶሌታው ውጭ ዙሪያውን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሲሚንቶ አንጥፉና ተዳፋት ስጡት፤ የፈሰሰው ውሃ ወደ ጎመኑ ይሂድ። መጸዳጃ ቤቱ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ፓምፕ ከመግጠም በፊት የምትነጋገሩበት ጉዳይ እሱ ነው።

ወፍራሙ ላሜራ በአራቱ ብሎኖች ላይ ይቀመጣል። ቱቦው ከእሱ በታች ይንጠለጠላል፣ የፓምፑ ራስ ከላዩ ይታሰራል፣ በመካከላቸው የከመነዳሪው ጎማ ይገባል። ራሱ አራት ዳዶ በመፍታት የሚነሳ መሆን አለበት፤ ፒስተኑ የሚወጣው በዚያ ነው። ላሜራው መሸከም ያለበት ቀላል አይደለም። ቱቦው፣ በውስጡ የሞላው ውሃና ዘንጉ ተደምረው በእኛ ጉድጓድ ወደ 100 ኪሎ ይጠጋሉ። ቱቦውን ከላሜራው ጋር የሚይዘው ማቀፊያ ይህን ሁሉ በየግፊቱ ይሸከማል።

ማውረድ

አንድ ነገር ከሁሉ በፊት፦ ማንም ሰው ጉድጓዱ ውስጥ አይግባ። የተዘጋ ጥልቅ ጉድጓድ አየሩ ሳይታይና ሳይሸት ሊገድል ይችላል። ውሃ ለመቀነስ ብላችሁ የነዳጅ ሞተር ወደ ውስጥ አታውርዱ፤ ጭሱ ብቻውን ይገድላል። ወድቆ የቀረ ዕቃ ካለ በመንጠቆ ይወጣል፣ ካልሆነ ይቅር። አንድ ሰው ወርዶ ቢዝለፈለፍ ሊያወጣው የሚወርደው ሁለተኛው ሰውም አብሮት ነው የሚቀረው።

ቱቦውን መሬት ላይ ዘርግታችሁ ከነሲሊንደሩ ከአንድ ቀን በፊት አያይዙት። ጫፎቹን በጨርቅ ጥረጉ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፣ በሁለቱም ላይ ኮላ ቀቡ፣ እስከ መጨረሻው ግፉና ሩብ ዙር አዙሩ። ሌሊቱን ይደር። አሁን ያያያዙትን መጋጠሚያ አሁን ጉድጓድ ላይ ማንጠልጠል ሲሊንደሩን ለጉድጓዱ እንደመስጠት ነው።

በማግስቱ ስድስት ወይም ሰባት ሰው ጥሩ። ሲሊንደሩ ባለበት ጫፍ ጀምራችሁ ቱቦውን እንደ ትልቅ ቅስት ከፍ አድርጋችሁ ወደ ቀዳዳው ታስገባላችሁ። ፒቪሲ ይታጠፋል፤ ግን ቅስቱ ሰፊ ይሁን፣ አትቸኩሉ። ከሲሊንደሩ ጋር የናይለን ገመድ ታስሮ አብሮ ይውረድ። አንድ ሰው ያንን ገመድ ብቻ ይያዝ፤ ሌላ ሥራ አይሰጠው። ቱቦው ከተቀመጠ በኋላም ገመዱ እዚያው ይኖራል፤ ጫፉን ሶሌታው ላይ እሰሩት። አንድ ቀን መጋጠሚያ ቢለቅ ሲሊንደሩን የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ግቢው ጠባብ ከሆነና ቱቦው ካልተዘረጋ፣ በሦስት የባሕር ዛፍ እንጨትና በፑሊ ቁራጭ በቁራጭ ማውረድ ይቻላል። ያኔ በኮላ ምትክ ጥርስ ያለው ቱቦ ተጠቀሙ።

ዘንጉ

ዘንጎቹ ሦስት ሦስት ሜትር ቢሆኑ ለሁለት ሰው ይመቻሉ። በየመጋጠሚያው ላይ ማያያዣውን ካጠበቃችሁ በኋላ ሌላ ዳዶ አምጥታችሁ ቆልፉበት። አንድ ዳዶ ብቻ በቀን መቶ ጊዜ እየተናጠ ይፈታል። በየመጋጠሚያው አጠገብ ዘንጉን በመካከል የሚይዝ ክብ ጎማ አስገቡ፤ ዙሪያው ውሃ እንዲያልፍ የተቦረቦረ ይሁን። አለዚያ ዘንጉ አንዱን ጎን እየፋቀ ቱቦውን ይበሳዋል።

ፒስተኑን ከዘንጉ ጋር በቱቦው ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ። የታችኛውን ቫልቭ ሲነካ በእጃችሁ ይታወቃችኋል፤ ዘንጉ ይቆማል። እዚያ ላይ በሶሌታው ልክ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ወደ ላይ አምስት ሴንቲሜትር ሳቡት። እጀታው መጨረሻ ድረስ ወደ ላይ ተነስቶ፣ ዘንጉ ደግሞ ወደ ታች ወርዶ ሳለ ፒስተኑ መቆም ያለበት እዚህ ነው። በዚህ ልክ የመጨረሻውን ዘንግ በሴጌቶ ቆርጣችሁ ጥርስ አውጡለትና ከእጀታው ማያያዣ ጋር ግጠሙ።

ይህ አምስት ሴንቲሜትር ትንሽ ይመስላል፣ ግን አታልፉት። ካልተተወ ፒስተኑ በየግፊቱ ቫልቩን ይቀጠቅጠዋል። ከበዛ ደግሞ ወደ ላይ ሲወጣ ከሲሊንደሩ የነሐስ ግድግዳ ያልፋል፤ ጎማው ጠርዙ ላይ ይቀደዳል።

ራሱን እሰሩ፣ እጀታውን አያይዙ፣ ፔርኖዎቹን ግሪስ ቀቡ። ግፉ። ባዶው ቱቦ እስኪሞላ ድረስ ብዙ ትገፋላችሁ፤ እጀታው ቀስ በቀስ እየከበደ ሲመጣ ደስ ይበላችሁ፣ ውሃው እየወጣ ነው።

ከመጠጣት በፊት

ስንት እጅና ስንት ገመድ ነክቶታልና ጉድጓዱን በበረኪና አጽዱ። መዓዛ የሌለውን፣ 5 በመቶ የሚለውን ግዙ። ለአንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ሊትር ሂሳብ ነው። ጉድጓዱ 1.2 ሜትር ወርድና 4 ሜትር ውሃ ካለው 4.5 ሜትር ኩብ ነው፤ አራት ሊትር ተኩል ይበቃዋል። በባልዲ ውሃ በርዛችሁ አፍስሱ፣ አፍንጫው በረኪና እስኪሸት ግፉ፣ ከዚያ አንድ ሌሊት ይደር። በማግስቱ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ቅዱና ድፉ፤ አትክልት ላይ ግን አይሁን።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ለምትኖሩ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። እዚያ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ሊበዛበት ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚያስቀምጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በረኪናም ሆነ ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም። ውሃውን ላቦራቶሪ አስመርምሩ። በተለይ ጥርሳቸው ገና የሚያድግ ልጆች ካሏችሁ ይህን አታዘግዩ።

ሲበላሽ

ጠዋት ጠዋት ብዙ ገፍታችሁ ነው ውሃ የሚመጣው? ሌሊት ቱቦው እየጎደለ ነው፤ የታችኛው ቫልቭ ወይም አንድ መጋጠሚያ ያሾልካል። ፒስተኑን አውጡና መጀመሪያ ቫልቩን እዩ። እጀታው ድንገት ላባ ሆኖ ውሃ ከቀረ ዘንጉ ተፈትቷል ወይም ተሰብሯል። ውሃው ቀስ በቀስ ካነሰ ጎማው አልቋል። እጀታው በራሱ የማይነሳ ከሆነ ጎማው ጠብቋል ወይም አሸዋ ገብቷል። አሸዋ በተደጋጋሚ ከመጣ ሲሊንደሩ ለሥሩ ቀርቧልና ግማሽ ሜትር ከፍ አድርጉት።

ጎማውን እስኪያልቅ አትጠብቁ። በዓመት አንዴ፣ በጋው ሳይጠና፣ አውጥታችሁ እዩት። መለዋወጫ አንድ ጥንድ ቤት ይቀመጥ።

ሌላ መንገድ የሚሻልበት ጊዜ

ይህ ሁሉ ወጪ ከበዛባችሁ የገመድ ፓምፕን አስቡ። ገመድ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ የፕላስቲክ ፒስተኖች በቀጭን ቱቦ ውስጥ እየዞሩ ውሃ ያወጣሉ፤ መንኮራኩሩን የአካባቢ በያጅ ይሠራዋል። ሕጉ ያው ነው፦ ጉድጓዱ ሲጠልቅ ቱቦው ይጠባል። እስከ 10 ሜትር አካባቢ የአንድ ኢንች ቱቦ፣ እስከ 20 ሜትር ሦስት አራተኛ ኢንች፣ ከዚያ በላይ ግማሽ ኢንች። ገመዱ ቶሎ ያልቃል፣ ግን በራሳችሁ ትቀይሩታላችሁ። በዳንግላ አካባቢና በደቡብ ለጓሮ አትክልት ሲያገለግል ታያላችሁ። ለአንድ ቤተሰብ እስከ 30 ሜትር ድረስ እኔ ያለማመንታት እመክረዋለሁ።

ከ45 ሜትር በላይ ግን በእጅ መግፋቱ ይብቃ። በ50 ሚሊሜትር ፒስተን ውሃው ብቻ 88 ኪሎ ይሆናል፣ ዘንጉ ደግሞ 28። እዚያ የሚያዋጣው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ ውሃ ውስጥ የሚሰጥም ፓምፕ ነው። ሶሌታው ላይ 15 ሴንቲሜትር ቀዳዳ ተዉ ያልኩትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ አራት ኢንቹ ፓምፕ በዚያ ያልፋል፣ ኮንክሪት መስበር አያስፈልጋችሁም።